ፍሪጅ የሚጥለው ሙቀት

ከኮልፌ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ ነው። ስደት ሲባል ሰው ሁሉ በጨለማ የሚወጣ ይመስለዋል፤ እኔ ግን አሱር ሰግደን፣ ፀሐይዋ ገና የቀራንዮን ቆርቆሮ እያንጸባረቀች፣ ጎረቤቱ ሁሉ በር በሩ ላይ ቆሞ እያየኝ ነው የወጣሁት። በረራው ማታ ነበር፤ ነገር ግን አባቴ ሐጂ ናስር "መንገድ ይዘጋል፣ አሁኑኑ ተነሡ" ብለው እንደ ሠርግ ሚዜ አጣደፉን። እናቴ ሻንጣዬን ሦስት ጊዜ ከፍታ ሦስት ጊዜ ዘጋችው፤ በርበሬውን ከሹራቡ ሥር አድርጋ፣ መልሳ አውጥታ ከላይ አድርጋ፣ "ሹራቡ በርበሬ በርበሬ ቢሸትስ?" ብላ እንደገና ወደ ሥር። እኔም በልቤ፣ ይሽተት፣ ምን አለበት፣ እላለሁ።

ታላቅ ወንድሜ ከማል የጓደኛውን ሚኒባስ ተውሶ ነው የወሰደን። ጦር ኃይሎች ስንደርስ መንገዱ እንደተለመደው ተዘጋጋ፤ ቆመን ሳለ አንድ ሰውዬ በሩን ከፍቶ እግሩን አስገባ።

"ሜክሲኮ ነው?"

"ጀርመን ነው" አለው ከማል።

ሰውየው ትንሽ አሰበና "በሜክሲኮ በኩል?" አለ።

እስከ ቦሌ ድረስ በሱ ሳቅን። እናቴ እንኳ እያለቀሰች ሳቀች። አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ግን ሳቁ አለቀብን። ከማል ሻንጣዬን ካወረደ በኋላ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋበትና ኪሱ ውስጥ ከተተው። "አገሩ ብርድ ነው አሉ" አለኝ። "ብርድ ደግሞ አትፍሪ፤ ብርድ እንጀራሽ ነው።" አቀፍኩት። በዚያች ቅጽበት ልነግረው የሚገባኝ አንድ ነገር ነበር፤ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ሳልነግረው ገባሁ።

ብርድ እንጀራሽ ነው ያለው ቀልዱን አልነበረም። እኔና እሱ ፍሪጅ ጠጋኞች ነበርን። ከቀራንዮ ወደ ጦር ኃይሎች በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ሁለት ሰውና አንድ ፍሪጅ ከገባ ሦስተኛ ሰው ውጭ የሚቆምባት ሱቅ ነበረችን። እሱ ሙያውን የለመደው ከአንድ ሽማግሌ ሥር ቁጭ ብሎ፣ እጁን እየተቃጠለ ነው። እኔ ቴክኒክ ኮሌጅ ገብቼ በማቀዝቀዣ ሙያ ተመርቄያለሁ፤ ከክፍላችን ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። ጀርመኖች ለዚህ ሙያ ተለማማጅ ይፈልጋሉ ሲባል ሰማሁ፤ ቋንቋውን ማታ ማታ ተማርኩ፣ ፈተናውን አለፍኩ፣ በደቡብ ጀርመን አንዲት ትንሽ ከተማ ያለ ድርጅት ተቀበለኝ። እየሠሩ መማር ነው፤ አውስቢልዱንግ ይሉታል። እንደ ስንቱ ወገናችን ባሕር አልተሻገርኩም፣ በረሃ አላቋረጥኩም፤ እነሱን እያሰብኩ ስደቴን ስደት ለማለት አንዳንዴ አፍራለሁ።

እዚያ እንደደረስኩ ስሜን አጣሁ። የውጭ አገር ሰው የሚመዘገብበት ቢሮ ያለችው ሴትዮ ፎርሙን አስቀምጣ ትጠይቀኛለች።

"የቤተሰብ ስም?"

"የለኝም።"

"ሁሉም ሰው የቤተሰብ ስም አለው።"

"እኛ ዘንድ የራስ ስም፣ ከዚያ የአባት ስም ነው። ፈቲያ የኔ ነው፣ ናስር የአባቴ።"

"ስለዚህ ናስር የቤተሰብ ስምዎ ነው።"

"አይደለም፣ የአባቴ የራሳቸው ነው።"

"የአባትዎ የቤተሰብ ስምስ?"

"የአያቴ ስም።"

"የአያትዎስ?"

"የቅድመ አያቴ።"

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ይሄ ነገር የት ነው የሚያቆመው?"

"አደም ጋ ይመስለኛል" አልኳት።

አልሳቀችም። ናስር ብላ ጻፈች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ፍራው ናስር ነኝ፤ ወይዘሮ ናስር እንደ ማለት ነው። ክሊኒክ ቁጭ ብዬ "ናስር!" ተብሎ ሲጠራ፣ አባቴ መጥተው ከኋላዬ የቆሙ እየመሰለኝ ስንቴ ዞር ብያለሁ።

ቤት አከራዬ ሄር ፎግል ይባላል፤ ሄር አቶ ማለት ነው። የጡረታ ሰው ነው፣ ሥራው እኔን መጠበቅ ነው። እኛ አገር ሰው ሊቆጣ ሲል "አንቺ!" ይላል፤ ይሄ ግን እርስዎ እያለ ነው የሚያዋርደኝ። መጀመሪያ ቀን ሁለት ገጽ የቤት ሕግ ሰጠኝና ቁልቁል አነበበልኝ።

"በቀን ሁለት ጊዜ መስኮት በሰፊው መክፈት ግዴታ ነው።"

"በረዶ ሲጥልም?"

"በተለይ በረዶ ሲጥል።"

"ታዲያ ሙቀቱ አይወጣም?"

"አየሩ ነው የሚወጣው። ሙቀቱ ግድግዳው ውስጥ ይቀራል።"

እናቴ ክረምት ሲገባ የመስኮቱን ስንጥቅ በጨርቅ የምትወትፈው ትዝ አለኝ። ከዚያ ወደ ወለሉ እያመለከተ፣ በኩራት፣ "ይህ ቤት የሚሞቀው በካልተ ናቬርመ ነው" አለኝ። ቃሉን በሆዴ ተረጎምኩት። ቀዝቃዛ የቅርብ ሙቀት።

"ይቅርታ፣ ቀዝቃዛ ነው ወይስ ሙቅ?"

"ቀዝቃዛ ሙቀት።"

"እሺ" አልኩ። አዲስ አገር የገባ ሰው ያልገባውን ሁሉ እሺ ነው የሚለው።

በጋው ሲመጣ ደግሞ ያ ወለል መሞቁን ትቶ ያቀዘቅዝ ጀመር፤ ግድግዳው ላይ ያለችውን ቁልፍ ዞር ማድረግ ብቻ ነው። ሄር ፎግል ደረጃው ላይ ጠብቆ ያዘኝ።

"ፍራው ናስር፣ ቤትዎን እያቀዘቀዙ ነው?"

"አዎ፣ ሞቆኛል።"

"ግን ከአፍሪካ ነው የመጡት።"

"ከአዲስ አበባ። እኛ ሐምሌ ላይ ሹራብ ለብሰን በላዩ ጋቢ ነው የምንደርበው።"

"አይቻልም" አለኝ። "አፍሪካ ሞቃት ነው።"

ስለ ገዛ አገሬ አየር ተከራክሬ ተሸነፍኩ።

እስቲ ይህን ደግሞ ስሙኝ፦ ሰው በራት ሰዓት ቀዝቃዛ ዳቦ በቀዝቃዛ አይብ በልቶ "ጠገብኩ" ሲል አያሳዝንም? እሑድ እሑድ ከመንገዱ ማዶ የሚሄድ ሰው ራሴን ነቅንቄ ሰላም ስለው የማያውቀው ዕዳ ያለበት ይመስል ይደነግጣል። በረመዳን ብቻዬን ሳፈጥር፣ ሾርባዬን ይዤ መስኮቱ ጋ ቆሜ፣ ከታች የሚያልፈውን ሰው ሁሉ "ና፣ ቁጭ በል፣ ሳምቡሳ አለ" ልለው ይዳዳኛል። ቀራንዮ ቢሆን ሳልጠራው ይገባ ነበር።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ይህን ሁሉ የማወራው አንድ ነገር ለመሸሽ መሆኑን እናቴ ብትሆን ገና ድሮ ታውቅብኝ ነበር።

ድርጅቱ የሰጠኝ ሥራ ያንኑ ቀዝቃዛ ሙቀት መንከባከብ ሆነ። አለቃዬ ሄር ላንግ ፂማም፣ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ "አንቺ" የሚለኝ ሰው ነው፤ በነሱ ባህል አንቺ መባል ክብር ነው። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ትልቅ የምግብ መደብር ምድር ቤት አወረደኝ። መዳፌን የሚያህሉ፣ ክንዴን የሚያህሉ ቧንቧዎች ግድግዳውን በስተው ይወጣሉ። ሄር ላንግ አስረዳኝ፤ እኔም ለእናንተ በኛ አፍ ልንገራችሁ።

ፍሪጅ ከጀርባው ስትነኩት ይሞቃል አይደል? ውስጡ ካለው ምግብ የነጠቀውን ሙቀት ነው በጀርባው የሚጥለው። ቬርመፑምፐ የሚሉት፣ ሙቀት ሳቢ ማሽን፣ ያው ፍሪጅ ነው፤ ከአንዱ ቦታ ሙቀት ይነጥቃል፣ ሌላው ጋ ይጥላል። ውስጡ አንዲት ቫልቭ አለች፤ እሷ ስትገለበጥ መንገዱም ይገለበጣል፣ ክረምት ያሞቀ የነበረው በጋ ያቀዘቅዛል። በሰፈሩ ሥር ደግሞ ለብ እንኳ ያላለ ውሃ በቧንቧ ይዞራል፤ የሁሉም ነው። በእያንዳንዱ ቤት ያለው ማሽን ሲበርደው ከዚያ ውሃ ሙቀት ይቀዳል፣ ሲሞቀው እዚያው ይመልሳል። የምግብ መደብሩ ፍሪጆች የሚጥሉት ሙቀት እዚያ ውሃ ውስጥ ይገባል፤ ከመንገዱ ማዶ ያለው የአረጋውያን ቤት ከዚያው ቀድቶ የሽማግሌዎቹን ገላ መታጠቢያ ያሞቃል። አንዱ የጣለውን ሌላው ያነሣዋል፤ መሬቱ ደግሞ የተረፈውን ያስቀምጣል። እንደ ዕቁብ በሉት፤ ግን የሚዞረው ሙቀት ነው።

"ድንቅ ነው አይደል?" አለኝ ሄር ላንግ። "ማን እንዳሰበው ታውቂያለሽ?"

"ወንድሜ" አልኩት።

ከት ብሎ ሳቀ። ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። እኔም አብሬው ሳቅኩ። ወላሂ፣ አብሬው ሳቅኩ። ያን ዕለት ቤቴ ገብቼ ራት አልበላሁም።

ለከማል ያልነገርኩትን አሁን ልንገራችሁ። ከመሄዴ ሁለት ዓመት በፊት ነው። ከሱቃችን አለፍ ብሎ የጋሽ ሱልጣን ሥጋ ቤት ነበር፤ ሥጋ የሚሰቀልበት ትልቅ ማቀዝቀዣ ክፍል ነበረው፣ እኛ ነን የምንጠግንላቸው። ከሥጋ ቤቱ ጋር ግድግዳ የሚጋራ መስጊድ አለ። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ የኮልፌ ንጋት ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ፤ ለሱብሒ፣ ለንጋቱ ሶላት፣ የሚመጡት ሽማግሌዎች ታጥበው ኡዱ ሲያደርጉ ውሃው አጥንት ይሰነጥቃል። አባቴ ቁርጥማት አለባቸው፤ እጃቸውን ታጥበው ሲነሡ ጣታቸውን መዘርጋት ያቅታቸው ነበር።

ከማል ይህን አየ። አንድ ቀን በርሜል ፈልጎ አመጣ፤ ከማቀዝቀዣው የሚወጣውን የጋለ የመዳብ ቱቦ በርሜሉ ውስጥ እንደ እባብ ጠምጥሞ አሳለፈው፣ በርሜሉን በአሮጌ ብርድ ልብስ ጠቀለለው፣ ከዚያ ቧንቧ ስቦ ከኡዱ ማድረጊያው ጋር አገናኘው። ሥጋው ሲቀዘቅዝ ውሃው ሞቀ። ያለ እሳት፣ ያለ ተጨማሪ መብራት። ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ ቧንቧውን ከፍተው እጃቸውን መልሰው ሳቡት፤ ከዚያ ሳቁ። አባቴ ያን ጠዋት ቤት ሲመለሱ እጃቸውን ፊቴ ላይ አድርገው "ንኪው፣ ንኪው" አሉኝ። ሞቃት ነበር።

ከዚያ ሰፈሩ ሁሉ ከማልን "ኢንጂነር" ይለው ጀመር። ኢንጂነር፣ ፍሪጄን እይልኝ። ኢንጂነር፣ ሻይ እንጋብዝህ። እኔ ኮሌጅ ገብቼ፣ ከወንድ ጋር ተጋፍቼ ዲፕሎማ ያመጣሁት ሴት፣ ሱቁ በር ላይ ቆሜ ሰው ያልፈኝና "ወንድምሽ የለም?" ይለኛል። እሱ እኮ አላጠፋም። ሁልጊዜ "እሷ ትበልጠኛለች፣ እሷን ጠይቁ" ይል ነበር። እሱ እንደዚያ ሲል ደግሞ የባሰ ያመኝ ነበር።

አንድ ቀን ጋሽ ሱልጣን ብቻዬን አግኝተው ጠየቁኝ።

"ፈቲያ ልጄ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ። ይሄ ከማል የሠራው ነገር ማቀዝቀዣዬን አይጎዳብኝም?"

እንደማይጎዳ አውቃለሁ። ማሽኑ ሙቀቱን ቶሎ በጣለ ቁጥር ይቀለዋል እንጂ አይከብደውም፤ ኮሌጅ የመጀመሪያ ዓመት ላይ የተማርኩት ነው። አፌን ከፍቼ ግን ያልኩት ሌላ ነው።

"ጋሽ ሱልጣን፣ እውነቱን ልንገርዎት? ኮምፕሬሰሩን ውሎ አድሮ ያቃጥልብዎታል። ለከማል ግን እኔ እንዳልኩ አይንገሩት፣ ይከፋዋል።"

በሦስተኛው ቀን በርሜሉ ተነሥቶ ውጭ ተጥሎ አየሁት። ከማል ቱቦውን ቆርጦ፣ የተቆረጠውን በየደው፤ ማሽኑን እንደ ድሮው አደረገው። ብርድ ልብሱን አራግፎ አጣጠፈውና ይዞ ገባ። በማግስቱ ጠዋት አባቴ ከመስጊድ ተመልሰው እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ደብቀው፣ "ውሃው ምን ሆነ?" ብለው የጠየቁት እኔን ነው።

"ተበላሽቶ ነው አባባ" አልኳቸው።

ይኸው ነው። ሰው አልገደልኩም፣ አልሰረቅኩም። ግን ያቺን ቃል ስንት አገር ተሻግሬ ላራግፋት አልቻልኩም።

ሁለተኛው ክረምቴ ላይ ከአረጋውያኑ ቤት ስልክ ተደወለ፤ ክፍሎቹ በረዶ ሆነዋል። ሄር ላንግና እኔ ሄድን። ማሽኑ ይሠራል፣ ውሃው ይዞራል፤ ነገር ግን ውጭ በረዶ እየጣለ ቤቱን ያቀዘቅዛል። ሽማግሌዎቹ ሳሎን ውስጥ ብርድ ልብስ ለብሰው ተደርድረው ተቀምጠዋል። አንዱ ሽማግሌ እጁን ብብቱ ውስጥ ደብቆ ነበር።

ኮምፒዩተሩ "ሁሉም ደህና ነው" ይላል። ሄር ላንግ ኮምፒዩተሩን ያያል። እኔ ካቻቢቴ አወጣሁና ጫፉን ማሽኑ ላይ፣ እጀታውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ አዳመጥኩ። ቫልቭዋ ልትገለበጥ እየሞከረች መሃል ላይ ተይዛለች፤ ጋዙ በጥርስ መሃል እንደሚወጣ አየር ያፏጫል። ሄር ላንግን "ወደ ማሞቂያ አዙረው" አልኩትና፣ ሲያዞረው በካቻቢቴው እጀታ ቀስ አድርጌ መታ መታ አደረግኳት። ጧ! ብላ ሄደች። ትንሽ ቆይቶ ቧንቧው በእጄ ሥር መሞቅ ጀመረ። ቫልቭዋን በኋላ በአዲስ ቀየርናት፤ ያን ዕለት ግን ሰዎቹ ሞቋቸው አደሩ።

መኪና ውስጥ ገብተን ሄር ላንግ ሞተሩን ሳያስነሣ ጠየቀኝ።

"ይህን ትምህርት ቤት ነው ያስተማሩሽ?"

"አይደለም። ወንድሜ ነው።"

አልሳቀም። "ጥሩ ባለሙያ ነው ማለት ነው።"

"ነበር" አልኩ።

ነበር ያልኩት እውነቴን ነው። እኔ ከሄድኩ በኋላ ከማል "ብቻዬን አይሆንልኝም" ብሎ ሱቋን ለቆ የሲሚንቶ መኪና ሹፌር ሆኗል። በዚያው ሳምንት፣ ዓርብ ከሰዓት፣ ደወልኩለት።

"ፈቱ! ምነው በዚህ ሰዓት? አመመሽ እንዴ?"

"ደህና ነኝ። ከሜ፣ አንድ ነገር ልነግርህ ነው፤ ሳታቋርጠኝ ስማኝ። የጋሽ ሱልጣን ማቀዝቀዣ… ይቃጠላል ብዬ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። እንደማይቃጠል እያወቅኩ።"

ከወዲያ የመኪና ጥሩምባ ይሰማል፤ አንድ ሰው "ወደ ኋላ! ወደ ኋላ!" እያለ ይጮኻል።

"አውቃለሁ" አለ።

"ምኑን?"

"ያኔውኑ ነግረውኛል። እንዳልነግርህ ብላኛለች ብለው ነው የነገሩኝ።"

"እንደዋሸሁስ በምን አወቅክ? ተሳስታ ነው አትልም?"

"አንቺ ልጅ" አለኝ፣ "ነገሩን ከየት ያገኘሁት መሰለሽ? ካንቺ ደብተር ላይ እኮ ነው። አልጋ ላይ ጥለሽው፣ ሥዕሉን አይቼ፣ ማታ ማታ እያነበብኩ። እዚያው ላይ በራስሽ እጅ ጽፈሻል፣ ማሽኑን አይጎዳም ብለሽ። ሠርቼ ስጨርስ፣ ይሄ የፈቱ ነው ልል ነበር። ሰዉ ኢንጂነር ኢንጂነር ሲለኝ ደስ አለኝና ሳልል ቆየሁ። እኔም ጥፋት አለብኝ።"

መስኮቱ ክፍት ነበር፤ በሄር ፎግል ሕግ መሠረት። ብርዱ ይገባል፣ እኔ አልዘጋውም።

"ታዲያ ለምን ዝም አልክ?"

"ምን ልበል? እህቴ ዋሸች ብዬ ሰፈር ላውራ? ከዚያ ደግሞ ቋንቋውን ጀመርሽ፣ ልትሄጂ ነው ተባለ። የምትሄድ እህትን ይጣሏታል እንዴ?"

"አውፍ በለኝ ከሜ፣ ይቅር በለኝ።"

"አውፍ ብያለሁ። ቆየ እኮ።" ደህና ነኝ እንደሚል ሰው ነው ያለው።

እኔ ግን አላቆምኩም። ንድፉን ሠርቼ ልላክልህ፣ ዕቃ ልላክልህ፣ እዚህ እኮ ሰፈር ሙሉ እንደዚህ ነው የሚሞቀው፣ አንተ ነህ ቀድመህ የሠራኸው፣ እያልኩ ሳልተነፍስ አወራሁ። እስክጨርስ ጠበቀኝ።

"ለማን ነው የምሠራው ፈቱ? ጋሽ ሱልጣን ሥጋ ቤቱን ትተው ልጃቸው ጋ ገብተዋል፤ ቦታው ልብስ መሸጫ ሆኗል። እኔም አሁን መሪ ነው የምይዘው። ዕቃዎቼን ለሰው ሰጠኋቸው።"

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም። በይ፣ ተራዬ ደርሷል፣ ሊጭኑልኝ ነው። ቸር ሁኚ።"

ከዚያ ወዲህ ከድሮው ይልቅ ቶሎ ቶሎ እንደዋወላለን። ስለ አባባ ቁርጥማት፣ ስለ መንገዱ መቆፈር፣ ስለ ልጆቹ ትምህርት ያወራኛል። ሥራ እንዴት ነው ብሎ ግን አይጠይቀኝም፤ እኔም አልጀምረውም። ለአባቴ እስካሁን አልነገርኳቸውም። ስንቴ አስቤ፣ ድምፃቸውን ስሰማ ሌላ ወሬ አመጣለሁ።

ባለፈው ሳምንት የመጨረሻውን ፈተና አልፌ የባለሙያነት ወረቀቴን ተቀበልኩ። ሄር ፎግል እንኳ ደረጃው ላይ እጄን ጨበጠኝ፤ "እንኳን ደስ አለዎት" ብሎ በዚያው ጫማዬን ምንጣፉ ላይ እንዳላራግፍ አስጠነቀቀኝ። ወዲያው ለእናቴ ደወልኩ። አልሐምዱሊላህ ብላ፣ እልል ብላ፣ አልቅሳ ስታበቃ፣ "ቆይ ከማል እዚሁ ነው፣ ራስሽ ንገሪው፣ ደስ ይበለው" ብላ ስልኩን አቀበለችው።

"እህ፣ ፈቱ" አለ።

"እህ፣ ከሜ።"

እልልታውን ሰምቷል። ምን እንደሆነም ያውቃል። እናቴ ከኋላው "ነገረችህ?" ትለዋለች።

"በረዶ ጣለ ወይ?" አለኝ።

"ዛሬ እንኳ አልጣለም" አልኩት።